ከፎቶግራፍ ወደ ሸራ፦ የብርሃንና የጥላ ጉዳይ

በየከተማው የሠዓሊያንን ደጃፍ ደጋግሞ የሚያንኳኳ አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። አባቱን ወይም እናቱን በሞት ያጣ፣ በእጁም ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጉርድ ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ነው። የሚጠይቀውም ያ ምስል አድጎ፣ ቀለም ለብሶ፣ ለሙት ዓመቱ ከግድግዳ ላይ እንዲሰቀልለት ነው። ሠዓሊውም ፎቶግራፉን በእርሳስ በካሬ በካሬ ይከፍላል፤ ሸራውንም እንደዚሁ፤ ከዚያም አንዱን ካሬ ወደ ሌላው ይገለብጣል። መስመሩ አይስትም። ዐይኑም አፍንጫውም በየቦታቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ተገልጦ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ዝምታ ይወርዳል፤ ይመስላል፣ እሱ ግን አይደለም የሚል ዝምታ ነው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከመስመሩ ሳይሆን ከጥላው ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ በተለምዶ የሚነሣው ብርሃን ከፊት ለፊት እየተረጨ ነው። ብርሃን ከፊት ሲመጣ ጥላ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጉንጭ አጥንት፣ የዐይን ጉድጓድና የአገጭ ሥር ተጨፍልቀው በአንድ ደረጃ ይቀመጣሉ። የሰው ፊት ግን ክብነቱን የሚያገኘው ብርሃኑ ቀስ በቀስ ወደ ጥላ ሲያዘነብል ነው። መጀመሪያ የብርሃኑ ወገን አለ፤ ቀጥሎ ለዘብ ያለው ከፊል ጥላ፤ ከዚያ ጠቆር ያለው የጥላው እምብርት፤ ከእሱም አልፎ ከአካባቢው ተንጸባርቆ የሚመለሰው ደካማ ብርሃን ይመጣል። ከእነዚህ ሁሉ ጉርዱ ፎቶግራፍ የሚያስቀረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ያንን እንዳለ የገለበጠ ሠዓሊ የሠራው ወረቀቱን እንጂ ፊቱን አይደለም።

በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቀለም ፊልም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲስተካከል የቆየው በነጭ ቆዳ ልክ ነበር። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ በነበረው፣ «ሸርሊ» በሚል ስም በታወቀው የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። በዚያ ሚዛን የታጠበ የጠይም ሰው ፎቶግራፍ ከጥላው ሲደርስ ይደፈናል። ሕያው ዐይን ግን በዚያው ጥላ ውስጥ ከነጭ ጋቢ ተንጸባርቆ ከአገጭ ሥር የሚያርፈውን ብርሃን፣ በጆሮ ጠርዝ ላይ ያለውን ቅላት፣ በግንባር ላይ የተኛውን የሰማይ ሰማያዊነት ያያል። ፎቶግራፉ የደፈነውን ሠዓሊው በጥቁር ቀለም ደግሞ ሲደፍነው ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህ ማለት ፎቶግራፍ ከሠዓሊ ቤት ይውጣ ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ኤውዤን ደላክሯ እ.ኤ.አ. በ1854 ፎቶግራፍ አንሺው ዱሪዩ ራቁት ሞዴሎችን ሲያነሣ አብሮ ቆሞ አቋቋማቸውን ያስተካክል ነበር። ከእነዚያ ፎቶግራፎች ከአንዱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1857 «ኦዳሊስክ» የተባለችውን ትንሽ ሥዕል ሠራ። የሴቲቱ አቀማመጥ ከፎቶግራፉ የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። የሐረሙ ጌጣጌጥ የዘመኑ የፓሪስ ፋሽን ነው፤ ብዙ ሊያስደንቅ አይገባም። ሊስተዋል የሚገባው ገላው ነው። ከፎቶግራፉ የተገኘው ግራጫ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ ደም የሚዘዋወርበት ሙቅ ገላ ይታያል። ደላክሯ ሞዴሏን በዐይኑ አይቷል፤ ከዚያም በፊት ለዐሥርተ ዓመታት የሰው ገላ ሲነድፍ ኖሯል። ስለዚህም ከፎቶግራፉ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 በዕለት ማስታወሻው ላይ እንዳሰፈረውም፣ ይበልጥ የሚማርኩት ፎቶግራፎች የአነሣሡ ጉድለት ለዐይን ማረፊያ የተወላቸው ናቸው። ሁሉን ነገር እኩል የሚናገር ፎቶግራፍ ሠዓሊን ያደክማል ማለቱ ነው።

አሜሪካዊው ቶማስ ኤኪንስ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1881 መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆችን ሲሥል ፎቶግራፎችን በብርሃን ሸራው ላይ እያሳረፈ በጭረት ምልክት አድርጎባቸዋል። ይህንንም የፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለሙያዎች ለሕዝብ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሥዕሉ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ በሰማዩ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ የተተከሉ ይመስላሉ። ለየብቻ የተነሡ ፎቶግራፎችን በአንድ ብርሃን ሥር ማስታረቅ ለኤኪንስ እንኳ ቀላል አልነበረም።

በዚህ ላይ የቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያለ ጥላ ይኖር የለም ወይ የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ይኖራል። ያ ግን በመስመርና በደማቅ ቀለም የቆመ፣ የራሱ ሥርዐት ያለው ጥበብ ነው። የጉርድ ፎቶግራፍ ግልባጭ ከመስመሩ ሥርዐትም ከጥላው ሥርዐትም ሳይሆን በመካከል ይንጠለጠላል።

ታዲያ የሟቹን ምስል የተጠየቀው ሠዓሊ ምን ያድርግ? ፎቶግራፉን ያመጣው ልጅ ብዙውን ጊዜ የአባቱ አጥንት አለው። እሱን በአንድ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሌላውን ብርሃን መዝጋት፣ ጥላው ከጉንጩና ከከንፈሩ በታች የት እንደሚጀምርና የት እንደሚለዝብ በከሰል መንደፍ ይቻላል። ዝርዝሩን ትቶ የጥላውን ስፋት ብቻ መያዝ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ፎቶግራፉ ተመልሶ ይወጣል፤ የዐይኑን አቀማመጥ፣ የቅንድቡን ቅርጽ፣ የአፉን ልማድ ይናገራል፤ በብርሃኑ ጉዳይ ግን አይጠየቅም። ይህ ሁሉ ከሁለት ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። ደንበኛውም አባቱን ለማሣል መጥቶ ራሱ ከመስኮት ሥር መቀመጡ መጀመሪያ ግር ቢለውም፣ ምክንያቱ ከተነገረው ይቀመጣል።