የድምፅ ልጓም፤ ስለ ሊሚተርና ስለ መድረክ

ስለ መድረክ ጥበብ የሚጻፈው ሂስ ዘወትር በዘፋኙ ጉሮሮ፣ በተዋናዩ እንቅስቃሴ፣ በዜማውና በግጥሙ ዙሪያ ይሽከረከራል። በከያኒውና በተመልካቹ ጆሮ መካከል የቆመው መሣሪያ ግን የሚታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። ይህ አግባብ አይደለም፤ በአደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ የሚሰማው ድምፅ ማጉያው የሚያወጣውን ነውና። ስለዚህም ከአምፕሊፋየሩ በፊት ገብቶ ምልክቱ ከተወሰነለት ልክ እንዳያልፍ የሚይዘው ልጓም፣ ሊሚተር የሚባለው፣ ለቴክኒሽያን ብቻ ተትቶ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ያለ ልጓም የሚኬድበትን መንገድ በጉልህ ያሳየው ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ የሙዚቃ ቡድን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቆመው «የድምፅ ግንብ» ነው። ግንቡ ወደ 600 የሚጠጉ ድምፅ ማጉያዎችና ከ26,000 ዋት የማያንስ ኃይል ነበረው፤ እያንዳንዱ የሙዚቃ መሣሪያም የራሱ ድምፅ ማጉያዎች ተመድበውለታል። ሐሳቡ ኃይልን አትረፍርፎ ማንኛውም ድምፅ ማጉያ እስከ ጥጉ እንዳይገፋ ማድረግ ነው። በኪነ ጥበብ ዓይን ሲታይ ታላቅ ሐሳብ ነበረ። ነገር ግን በብዙ ጭነት መኪና ካልተጓጓዘ የማይሰማ ዜማ የስንት ቡድን ዜማ ሊሆን ይችላል? ባለቤቶቹ ራሳቸው ዓመቱ ሳያልቅ ግንቡን አፍርሰውታል።

በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ማየርና ባለቤቱ ሔለን ያቋቋሙት ማየር ሳውንድ በበኩሉ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩፒኤ-1 የተባለችውን አነስተኛ ሣጥን ከራሷ መቆጣጠሪያ ጋር አቀረበ። መቆጣጠሪያው ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ተመልሶ በሚመጣ ሽቦ አማካይነት ወደ ድምፅ ማጉያው የሚደርሰውን ኃይል ይከታተላል፤ ልኩ ሲያልፍም ምልክቱን ይገታል። የግንቡ ጥበብ መትረፍረፍ ሲሆን የሣጥኗ ጥበብ መጠንን ማወቅ ነው። ለአነስተኛ ቡድን የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ይሁን እንጂ ልጓሙ ምን እንደሚገታ በትክክል መታወቅ አለበት። ድምፅ ማጉያ በሁለት ዓይነት ሞት ይሞታል። አንደኛው ድንገተኛ ነው፤ ማይክሮፎን ሲወድቅ ወይም ገመድ ሳይዘጋ ሲነቀል ወረቀቱ ከልኩ በላይ ተስፈንጥሮ ይቀደዳል። ሁለተኛው ዝግተኛ ነው። ድምፅ ማጉያ ከሚቀበለው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን የቀረው በማግኔቱ መካከል ባለው ጥቅል ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሽቦው በጋለ ቁጥር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ድምፁም ይደክማል። ባለሙያው ድምፁ መድከሙን ሲሰማ ኃይል ይጨምራል፤ ሽቦው ይበልጥ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፈጣን ሊሚተር ከመጀመሪያው ሞት ይጠብቃል፤ ከሁለተኛው ግን ላይጠብቅ ብቻ ሳይሆን ሊያፋጥነውም ይችላል። ለአብነት ያህል ያለማቋረጥ 500 ዋት የሚችል ድምፅ ማጉያ ይወሰድ። የሙዚቃው ጫፍ 2,000 ዋት ቢደርስና አማካዩ ከጫፉ 12 ዴሲቤል ዝቅ ቢል፣ ሽቦው በአማካይ የሚሸከመው 125 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሊሚተሩ ጫፉን 2,000 ላይ ይዞት ሳለ ባለሙያው ሚክሰሩን 6 ዴሲቤል ቢገፋው አማካዩ ወደ 500 ይጠጋል፤ 9 ቢገፋው ወደ 1,000። ጫፉ አልተነካም፤ ሽቦው ግን እየነደደ ነው። ስለዚህም ለጫፉ ፈጣን፣ ለሙቀቱ ደግሞ አማካዩን የሚለካ ዘገምተኛ ልጓም ያስፈልጋል። «አነስተኛ አምፕሊፋየር ድምፅ ማጉያ አያቃጥልም» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ስሕተት የተወለደ ነው፤ ጥጉ ላይ ደርሶ የሚንገጫገጭ አምፕሊፋየር ልጓም የሌለው ሊሚተር ማለት ነውና።

በጥበቡም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ምልክቱን ሁሉ በአንድነት የሚይዝ ሊሚተር ከልክ በላይ ሲሠራ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር የዘፋኟ ድምፅ አብሮ ይሰምጣል፤ ከምቱ በኋላ ደግሞ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ ይመለሳል። የክራሩ ጅማት ሲነካ የሚሰማው የመጀመሪያው ስለት ይደንዛል። በተውኔትም ሹክሹክታውና ጩኸቱ በአንድ ቁመት ይቆማሉ። ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ይሰለቻል፤ ሐያሲው ደግሞ «ዘፋኟ ስሜት አልነበራትም» ብሎ ይጽፋል።

በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ሊሚተሩ በዲጂታል መልክ ተሠርቶ፣ ብዙ ጊዜም ልኩ በፋብሪካ ተወስኖና ተቆልፎ ይመጣል። ባለሙያዎች ቁልፉን እንደ ንቀት ሲቆጥሩት ይደመጣል። ድምፅ ማጉያው ሲቃጠል ሌላ መግዛት የማይችለው ቡድን ግን የሚጠቀመው በቁልፉ ነው። ከቁልፉ ውጪ የቀረው የባለሙያው ድርሻ ነው፤ የሊሚተሩ መብራት በመጨረሻው ዜማ ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ሥራው ደኅና ሄዷል፤ በመጀመሪያው ዜማ በርቶ ከዚያ ወዲያ ካልጠፋ ግን ያ ባለሙያ ለቦታው የማይበቃ መሣሪያ ይዞ መጥቷል፤ ወይም ጆሮው ደንዝዟል።