የሚመረግ ግድግዳ፦ የይፋት ቆላ ከተሞችና የቅርስ ጥገናችን ሚዛን

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ቆላው የሚወርድ የደሴ መንገደኛ ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ላይ ለማንጎና ለሽንኩርት ይቆማል፤ ጀውሃን ግን በመስኮት አይቷት ያልፋል። የቅርስ ጸሐፊዎቻችንም ከመንገደኛው የተለየ አላደረጉም። ስለ ታሪካዊ የከተማ ማዕከላት መታደስ ሲጻፍ ጎንደርና ሐረር፣ ቀጥሎም የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ይነሣሉ፤ ይፋት ቆላ ላይ ታሪክ እንጂ የሚጠገን ነገር የለም የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ያለ ይመስላል። ይህ ፍርድ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ቦታውን ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የምንለካበት ሚዛን ራሱ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ግንብ ያዘነበለ በመሆኑ ነው።

ይፋት የከተማ አገር እንደነበረች ማስረዳት ለዚህ መጽሔት አንባቢ አያስፈልግም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የደማስቆ ተወላጅ አል ዑመሪ ይፋትን ከሰባቱ የሙስሊም መንግሥታት አንዷ አድርጎ ገልጿታል። እ.ኤ.አ. በ2006 እነ ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዳሰሳ አስበሪ፣ መሳልና ራሳ ጉባ የተባሉ ሦስት የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ከተሞችን ከነመስጊዶቻቸው ወደ ምሁራን ዓለም አመጣ። ኖራ በተባለው ስፍራ ቁፋሮ ተካሄደ፤ በሪ ይፋት ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መካነ መቃብር ተጠና። የዚሁ ሥርወ መንግሥት ሱልጣን አቡበክር እ.ኤ.አ. በ1520 መቀመጫውን ወደ ሐረር ማዛወሩን፣ ሐረር ጀጎልም እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሯን ስናስብ፣ ልጅቱ ተሞሽራ እናቲቱ ጫካ ውስጥ እንደቀረች ይሰማኛል።

ለእነዚያ ተመራማሪዎች ያለኝ ክብር ትልቅ ነው፤ ያለ እነሱ የአስበሪን ስም የሚያውቅ ከአካባቢው ሰው በቀር ጥቂት ነበር። ነገር ግን ውጤቱ በፈረንሳይኛ ታትሞ፣ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ይፋትን የሞተች ከተማ አድርጎ ሣላት። ከተማዋን የሠራው የግንባታ ጥበብ ግን አልሞተም። በተዳፋቱ ላይ በሚኖሩት አርጎቦች እጅ እስከ ዛሬ አለ። አርኪዮሎጂው ፍርስራሹን ሲለካ፣ ግድግዳ መካቡን የሚያውቀው ሰው በመረጃ አቀባይነት ብቻ ተጠቀሰ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያውም ፍርስራሹን ለአርኪዮሎጂ፣ ነዋሪውን ለባህል ጥናት ትቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሥራ የማንም ሳይሆን ቀረ።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የአንኮበር ምሳሌ ከሚገባው በላይ የተመሰገነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከተቀመጡበት የአንኮበር ቤተ መንግሥት የተረፈው የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ቁራጭ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥቱን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራው ሎጅ በብዙ ጽሑፎችና በጉብኝት መግለጫዎች ታሪካዊ ቦታን በአዲስ አገልግሎት የማነቃቃት አርአያ ተደርጎ ይጠራል። እንግዳ ማምጣቱ እውነት ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ቆላው ቁልቁል ማየትም የሚረሳ አይደለም። ይሁንና ጉዳዩን በስሙ እንጥራው። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ በአምስተኛው አንቀጹ ሐውልትን ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ጠቃሚ ነው ይላል፤ በአሥራ አምስተኛው ደግሞ በቁፋሮ ቦታዎች መልሶ ግንባታን ከመነሻው ይከለክላል፤ የሚፈቅደው የወደቁትን ነባር ቁርጥራጮች መልሶ ማገጣጠምን ብቻ ነው። ሁለቱ አንቀጾች አብረው ሲነበቡ የሚሉት ግልጽ ነው፦ ያለውን ተጠቀሙበት፤ የሌለውን አትፍጠሩ። አንኮበር ላይ አገልግሎት ያገኘው አምሳያው ነው፤ እውነተኛው ግድግዳ ፎቶ መነሻ ሆኖ ቀረ። እንግዳው ከሎጁ ወርዶ ወደ ከተማው ሲገባ የሚያያቸው የጭቃ ቤቶችም፣ ከኮረብታው ሥር ያሉት መንደሮችም በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ሎጁን እንደ ሎጅ አልነቅፈውም። የከተማ ማዕከል መታደስ ነው ሲባል ግን አልቀበልም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልግባ፤ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ፍሬ እዚያ ነው።

በደዋ ጨፌ የሚገኘው የአርጎባ መንደር ሾንኬ የዚህ የአርጎቦች የግንባታ አሠራር በሚገባ የቆመ ምስክር ነው። ከኮረብታ ጫፍ ላይ ተደጋግፈው የተሠሩት ቤቶች ግድግዳቸው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት ምሰሶና ወራጅ ላይ ያረፈ፣ በላዩ አፈር የተደለደለ ነው። ደገኛው የሣር ክዳኑን አሹሎ ዝናብ ያንሸራትታል፤ ቆለኛው ዝናብ ከሚያንሰው ሰማይ ሥር አፈር ደልድሎ ፀሐይን ይመክታል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ወደ ውስጥ ሳያሻግረው ይመሻል፤ ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ ሙቀት ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትርን ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የዚህ ግድግዳ ጠባይ የሚታወቀው ግን በምርጊቱ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ከርሞ፣ ይመረጋል፤ ከዝናብ በኋላ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ተፍቆ እንደገና ይመረጋል። ምርጊቱ የሚረግፈው ግድግዳው እንዳይረግፍ ነው። ውሃ ከመሠረቱ በካፒላሪ ኃይል ወደ ላይ ሲወጣ በምርጊቱ በኩል ተንፍሶ ይወጣል፤ ጨዉንም ይዞት የሚወጣው እዚያው ምርጊት ላይ ነው። ይህን ግድግዳ በሲሚንቶ የለሰነ ሰው በቅንነት ያጠነከረው ይመስለዋል። ሲሚንቶው ግን አያስተነፍስም፤ ውሃው በድንጋዩና በልስኑ መካከል ይታሰራል፤ የውስጡ ጭቃ ይለሰልሳል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ጎንደር ይህን ትምህርት በውድ ተምራለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ ላይ የተደረገው ጥገና ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ተጠቅሞ ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ፋሲል ግቢ ለዓለም ቅርስነት የበቃው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱም እርማቱም ተመዝግቧል። የአንድ ተራ የቆላ ቤት ግድግዳ በሲሚንቶ ሲገደል ግን የሚመዘግበው የለም።

ይህን አሠራር ስለወደድኩት ጉድለቱን አልሸፍንም። ይፋት የስምጥ ሸለቆው ከንፈር ላይ ናት። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የጀመረው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ መሬት ስትናወጥ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ከላይ የተከመረው አፈር ደግሞ ከባድ ሸክም ነው። ታዲያ መፍትሔው ብሎኬትና ኮንክሪት ነው የሚለው መልስ ፈጥኖ ይመጣል። መልሱ ግን ከአገር ውስጥ ነበረ። ከአክሱም እስከ ደብረ ዳሞ፣ ከዚያም እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ግንበኞቻችን በድንጋይ ረድፎች መካከል እንጨት አግድመው፣ በማዕዘኑ አቆላልፈው ግድግዳን አስረዋል። እንጨቱ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ አብሮ እየተንቀሳቀሰ ድንጋዩን ሰብስቦ ይይዛል። በይፋት የሚደረግ ጥገና አግዳሚ እንጨት ቢያስገባ፣ የጣሪያውን አፈር ቢያሳሳ፣ ኖራ ቢጨምር፣ ያለ ሲሚንቶ ከመንቀጥቀጥ የሚጠብቅ ቤት ይወጣዋል። ይህን የሚያስተምር የሙያ ማሠልጠኛ ባለመኖሩ ነው ወጣቱ ግንበኛ ብሎኬት መደርደርን ብቻ ጥበብ አድርጎ የሚያድገው፤ ሽማግሌውም ሙያውን ይዞ ወደ መቃብር የሚወርደው።

ስለ ዋናው መንገድ ዳር ቤቶች አጭር ቃል ይበቃል። ጀውሃም ሸዋ ሮቢትም ዛሬ ያላቸውን መልክ ያገኙት በወረራው ዘመን በተሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ መንገድ ዳር ነው። በረንዳ ያላቸው፣ ፊታቸው ሱቅ ጓሮአቸው መኖሪያ የሆኑ የጭቃ ቤቶች የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን እንዲህ ያሉት ቤቶች በየከተማው ወደ ቀበሌ ገቡ። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አልጠገነም፤ ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለምርጊት ስለማይበቃ አልጠገነም። ቤቶቹ ያረጁት ደካማ ስለሆኑ ነው የሚለው ክስ ይህን ሃምሳ ዓመት አይቆጥርም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ቅርስ የተባለውን ነው፤ በረንዳውን ማንም ቅርስ ስላላለው ፈቃድ ሳይጠየቅበት ሊፈርስ ይችላል።

ከቤቶቹ ይልቅ የቆላው ከተማ እምብርት ገበያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ጨውን ይዞ የሚወጣው ወደ አልዩ አምባ ነበር፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የውጭ እንግዶች ስለ ገበያው ገጾችን ጽፈዋል። ያንኑ ሥራ ዛሬ በየሳምንቱ የሚሠራው ሰንበቴ ነው፤ ከጀውሃ አለፍ ብሎ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው የሚገናኙበት ይህ ሜዳ አንድም ሐውልት የለውም። እንደ እኔ ፍርድ ግን ከአንኮበር አምሳያ የበለጠ ታሪካዊ ነው፤ ምክንያቱም አገልግሎቱ አልተቋረጠም። የዓለም ምሁራን ነባር ሕንፃን በአዲስ ሥራ ማዋል የሚሉት ጥበብ እዚህ አያስፈልግም፤ ነባሩ ሥራ ከነባሩ ቦታ ሳይፈናቀል ጥላ፣ ውሃ፣ መጸዳጃና የእንስሳት ማቆሚያ ቢያገኝ ሜዳው ታደሰ ማለት ነው።

ይህን አሁን የምጽፈው ጊዜው ስለሚያስቸኩል ነው። በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍሏ ተቃጥሎ ሰው ተሰደደ። ከቃጠሎ በኋላ የሚመጣ ግንባታ ሁልጊዜ ይፈጥናል፤ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ያስፈልገዋልና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ግን የነበረችው ከተማ ምን ዓይነት እንደነበረች በሥዕልና በልኬት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ የሚገነባው ቢያንስ ጥላዋን፣ በረንዳዋን፣ የጎረቤት አጥሯን ሊያስታውስ ይችል ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ስለ እያንዳንዱ ሕንፃ የሚከራከር መጽሐፍ፣ ፎቶና አርክቴክት ነበረ፤ ያም ሆኖ ብዙው ፈረሰ። ፒያሳን ያፈረሰው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል። ጀውሃ ሲደርስ ተከራካሪም ፎቶም ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የማቀርበው ልመና ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሸዋ ሮቢትን፣ የጀውሃንና የአጣዬን የመንገድ ዳር ቤቶች እያንዳንዱን በፎቶና በልኬት መዝግቡ። ከአርጎባ መንደሮች ግድግዳ የሚክቡትን ሽማግሌዎች ክፍያ እየከፈላችሁ ለወጣት ግንበኞች እንዲያስተምሩ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ትምህርታቸውም አግዳሚ እንጨት ማሰር ይሁን። የሰንበቴን ሜዳ ከማንም የግንባታ ፕላን በፊት በወሰን አስከብሩ። ለዚህ የምትልኳቸው ሰዎች ቅዳሜ ማታ ይውረዱ፤ የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው።