ፊልሙ ያላሳየን ጎረቤት

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ከአማኝ ጓደኞቼ ጋር ተመለከትኩት፤ ሳልጠይቅም አመንኩት።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአወሊያ የተሰባሰቡ ሙስሊሞች የመጅሊስ መሪዎቻቸውን በነፃ ለመምረጥ ይጠይቁ ነበር። ፊልሙ የእነዚህን ሰዎች ተወካዮች ከአልሸባብና ከቦኮ ሐራም ጎን አሰለፋቸው። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ነበር፤ ፍርዱ የተሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ግን በአንድ ማታ ፈረደ። የፊልሙ ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለኛል፤ ምስልን ከምስል ጎን ያስቀምጣል፣ ፍርሃታችን የቀረውን ይሞላዋል። ጥያቄያቸውን ለብቻው እንድንመዝን ፋታ አልሰጠንም።

በዚያው ዓመት ለእረፍት ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። አባቴ ሲሞት ከቅሬው ጋር መቃብር የቆፈሩት ሙስሊም ጎረቤታችን መንገድ ላይ አገኙኝና፣ «ደህና ገባህ ልጄ?» አሉኝ። ጺማቸው ከወትሮው የረዘመ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ጺማቸው ግን ያው ነበር።

ሽብር የለም እያልኩ አይደለም። አይሲስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲወጣ ሁላችንም አልቅሰናል። ያን ሰሞን እኒያው ጎረቤታችን ቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር አለቀሱ። ገዳዮቹን ከእሳቸው ለይቼ ማየት ያቃተኝ በፍርሃት እንጂ በማስረጃ አልነበረም።

እኛ ወንጌላውያን በዚህ አገር ጥቂቶች ነን። «መጤ» መባልን እናውቀዋለን። ሳይጠይቁን ስለ እኛ ሲወራ እንዴት እንደሚያም እያወቅን፣ ያንኑ በሌላው ላይ እንዴት እናደርጋለን? ጌታ በሉቃስ 10 ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር፣ አድማጮቹ የሚንቁትን ሳምራዊ ነው ምሳሌ ያደረገው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ፊልም በስልካችሁ በየቀኑ ይደርሳችኋል። ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተከሰሰው ሰው ተናግሯል? ካየሁት በኋላ ሰላምታ የነፈግኩት ጎረቤት አለ? ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ሰላም በሉት። እኔ ይህን ለማድረግ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጌታ ይርዳን።