ስልቱ ከግዢ በኋላ ነው፦ የወልቂጤና የቡታጅራ የጎዳና አለባበስ

ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች አለባበስ የሚጻፈው ጥቂት ነገር ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚያው አዲስ አበባ ያበቃል። አዲስ ነገር ቦሌ ያመጣል፣ መርካቶ ያበዛዋል፣ አውቶቡስ ጭኖ ወደ ክፍለ አገር ያወርደዋል የሚል ሥዕል በብዙዎች አእምሮ ተቀምጧል። በዚህ ሥዕል የጉራጌ ከተሞቹ ወልቂጤና ቡታጅራ ተቀባዮች ናቸው፤ የዋና ከተማዋን ያለፈ ወቅት ዘግይተው የሚለብሱ። ሌላም የቆየ ፍርድ አለ፤ ጉራጌ ይነግዳል እንጂ አይዘንጥም፣ ገንዘቡን እቁብ ውስጥ ይከታል እንጂ ገላው ላይ አያውለውም ይባላል። ሁለቱም ፍርዶች የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። አለባበስን ሱቅ ውስጥ ይፈልጉታል። በእነዚህ ከተሞች ግን የግለሰብ ስልት የሚጀምረው ልብሱ ከተገዛ በኋላ ነው።

ፋሽን ከላይኛው መደብ ወደ ታችኛው በመኮረጅ ይወርዳል የሚለውን ሐሳብ ጀርመናዊው ጆርጅ ዚመል በ1904 እ.ኤ.አ. በታተመ ድርሰቱ አስፍሮታል። የአዲስ አበባንና የወልቂጤን ግንኙነት በዚህ ሐሳብ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ወዲያው እንቅፋት ይገጥመዋል፤ ላኪውና ተቀባዩ ዘመዳሞች ናቸው። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. የጉራጌን የእንሰት ባህል ባጠናበት መጽሐፉ ወደ ከተማ የሚደረገውን ፍልሰት የኑሮው አካል አድርጎ አሳይቷል። ከሊስትሮነትና ከሱቅ በደረቴ ተነስቶ መርካቶ ውስጥ ጅምላ ነጋዴ የሆነው ሰው ታሪክ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ታሪክ የማይነሳው ገጽታ ግን ይህ ነው፤ መርካቶ፣ ጣና ገበያ ቆሞ ሸሚዝ በደርዘን የሚመርጠው ነጋዴ እናቱ ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ወይም መስቃን ትኖራለች። እሷ የምትለብሰውንና የማትለብሰውን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ወልቂጤ የሚወርደው ልብስ ሲመረጥ የወልቂጤ ዓይን አስቀድሞ መርካቶ ውስጥ ነበር። ማን ማንን እንደኮረጀ በቀላሉ መለየት አይቻልም።

መንገዱም ይህን ይመሰክራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የአለምገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ሥራ ሲያንቀሳቅሱ ቡታጅራን ከዋና ከተማዋ ጋር የሚያገናኝ መስመር አበጁ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ በደቡብ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። ማለዳ የተገዛ ጃኬት ከሰዓት በኋላ እዚያ ጎዳና ላይ ሊታይ ይችላል። መዘግየት አለ የሚባለው ከርቀት የመጣ ከሆነ፣ ርቀቱ ይህን ያህል ብቻ ነው።

የግዢውን ልማድ የሚወስነው ርቀት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ሙስሊሙ ለአረፋ እንዲሁ። ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላና ሻሽ፣ ለታናሽ ወንድም ጃኬት፣ ለልጆች ጫማ ይያዛል። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሳምንታት የልብስ ነጋዴው ወቅት የሚሆኑትም ለዚህ ነው። እንግዲህ የዚህን ግዢ ጠባይ እንመልከት። ገዢው ለባሹ አይደለም። ለባሹ ሱቁ ውስጥ የለም፤ ልኩ የሚታወቀው በማስታወስ ነው፣ ማስታወሱም የዓምናው ነው። ልጅ በዓመት ያድጋል፣ አባት በዓመት ይከሳል። አስተዋይ ገዢ ሰፋ ያለውን ያነሳል፤ ቀለሙ እድፍ የሚችል፣ ጨርቁ ወፍራም፣ ስፌቱ ጠንካራ መሆኑን በጣቱ ይፈትሻል። መለኪያው «ይቆየዋል?» የሚል ነው።

እቁብም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሙሉ ልብስ ወይም ጥሩ ጫማ ብዙ ጊዜ የሚገዛው እጣ ሲወጣ ነው፤ ባንድ ጊዜ፣ በዛ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ሰው ስሜቱን ይከተላል። በዓመት አንዴ የሚገዛ ሰው ግን አንዱን ኮት ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለሽምግልናም እንዲሆን አድርጎ ያስባል። ይህን ቁጠባ ውበትን እንደ መናቅ የሚቆጥሩት ሰዎች የውበት ሚዛን መሆኑን አላዩም። የቡታጅራ ሽማግሌ ጥቁር ኮት ደርቦ፣ ጋቢውን ከላይ ጥሎ፣ ከዘራውን ይዞ ሲሄድ እያንዳንዱ ነገር ተመርጦ የተቀመጠ ነው፤ ጋቢው የኮቱን ኮሌታ እስከ ምን ድረስ እንደሚሸፍን ጭምር።

ይህ ለአለባበስ የሚጠነቀቅ ዓይን ከአስፋልቱ በፊት የነበረ ነው። የጉራጌ መንደር መሐል ለመሐል የሚያልፈው ሣር የለበሰው ሰፊ ጀፎረ፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን የሚያዞሩበት ጎዳና ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ስብሰባና ደመራ እዚያ ይውላል። በጀፎረ የሚያልፍ ሰው ከየደጁ ይታያል፤ ከእሱም ጋር ቤቱ ይታያል፣ ማን እንደላከለት፣ ማን እንደረሳው። ጎዳናን የመታያ ቦታ ያደረገው ዘመናዊ ከተማ ነው የሚል ጥናት ጀፎረን ሳያይ የተጻፈ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። ሰፋ ተደርጎ የተገዛው፣ በሌላ ሰው የተመረጠው ልብስ የለባሹ የሚሆነው በልብስ ሰፊው መኪና ላይ ነው። በሁለቱም ከተሞች የሱቅ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ የተቀመጠ ሰፊ የአለባበሱ ዋና ባለሙያ ሆኖ ሳለ ስለ ሙያው የሚጻፈው ጥቂት ነው። ይህን ያልኩት አዲስ ልብስ ስለሚሰፋ ብቻ አይደለም፤ የተሰፋውን ስለሚያርም ነው። ሱሪ ማስቆረጥ፣ ሱሪ ማስጠበብ፣ እጅጌ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማስገባት ትንሽ ሥራ ይመስላሉ። ትንሽ አይደሉም።

የጂንስ ሱሪን ጫፍ እንውሰድ። የፋብሪካ ጂንስ ጫፍ ከመታጠብ ብዛት ይነጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ጉብ ጉብ ያለ መስመር ያወጣል፤ አሮጌነቱም ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ችኩል ሰፊ ሱሪውን ይቆርጥና አዲስ እጥፋት ይሰፋል፤ ጫፉ ጠቁሮና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፣ ሱሪው ከሌላ ሰው እንደመጣ ከሩቅ ይናገራል። አዋቂው ሰፊ ግን የፋብሪካውን ጫፍ አይነካም። ትርፉን ጨርቅ ከጫፉ በላይ ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ መርፌውን የፋብሪካው እጥፋት ዳር ላይ አስጠግቶ ዙሪያውን ይሰፋል፣ የተረፈውን ይቆርጣል፣ ጫፉን ወደ ታች መልሶ በካውያ ይመታዋል። ስፌቱ ከእጥፋቱ ሥር ይደበቃል። ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ከተስማማ፣ ባለሙያ ካልሆነ በቀር የሚለየው የለም። ሱሪው ለዚያ ቁመት የተሠራ ይመስላል። ይህን ሥራ የሚያዝ ወጣት የዋና ከተማ ኮራጅ ነው ሊባል አይችልም፤ የትኛው ዝርዝር ነገር መትረፍ እንዳለበት የለየ፣ ለዚያም የሚከፍል ሰው ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ የተለየ ፈተና አለው። ጥበቡ ከታች ጠርዝ ላይ ስላለ ከታች መቁረጥ አይቻልም። ጥሩ ሰፊ ትርፉን ወገብ ላይ አጥፎ ይሰፋውና መቀነት ይሸፍነዋል፤ ጥበቡ ሙሉውን ይተርፋል። መጥፎው ሰፊ መሐሉ ላይ ይቆርጣል፣ የሸማው ውድቀት ይሰበራል። በሸሚዝ ላይ የሚታየው የተለመደ ጉድለት ደግሞ ብብት ላይ ነው። ጎኑን ብቻ አጥብቦ የእጅጌውን መግቢያ የሚተው ሰፊ ብብቱ ሥር ጨርቅ ያከማቻል፤ ለባሹ እጁን ሲያነሳ ሸሚዙ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ይህ ጉድለት በሁለቱም ከተሞች በርካታ ወጣቶች ላይ ይታያል፤ ሰፊዎቹ ሊያርሙት ይገባል። ከሁሉም የሚከብደው የኮት ትከሻ ነው። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ትከሻ ግን ኮቱ ካልተተረተረ አይታረምም። ስለዚህ ትከሻው ወደ ክንድ የወረደ ኮት ያየ ሰው ከመርካቶ በግምት የተላከ መሆኑን ያውቃል። እኔ ይህን ጉድለት ብዬ አልጠራውም። ከምወዳቸው የእነዚህ ከተሞች ምልክቶች አንዱ ነው፤ ያ ትከሻ በሩቅ ያለ ሰው ያሰበበት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ሰልባጅም በዚሁ መርፌ ሥር ያልፋል። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳ ሲፈታ የሚሰበሰበው ሰው አልቀነሰም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ አዲስ የውጭ ልብስ ከብዙ ኪስ ራቀ፤ አሮጌን ማሳደስ ይበልጥ ዋጋ አገኘ። ካረን ትራንበርግ ሃንሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፏ የዛምቢያ ሸማቾች ያገለገለ ልብስን እየመረጡና እያሰፉ የራሳቸው እንደሚያደርጉት አሳይታለች። የእኛም ጉዳይ ከዚያ ጋር ይዛመዳል። ልዩነቱ፣ የዛምቢያው ለባሽ ከክምሩ ራሱ ይመርጣል፤ እዚህ ግን ብዙውን የሚመርጠው ዘመድ ስለሆነ የለባሹ ፈቃድ በሙሉ ወደ ሰፊው ይሸጋገራል።

ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቡታጅራ፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ የመስቃን፣ የማረቆና የስልጤ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ጥቁር አባያና ነጭ ነጠላ፣ ሽርጥና ኮት በአንድ በረንዳ ሥር ይታያሉ። እዚህ ሙያው መደራረብ ነው፤ ሽርጥ ላይ ኮት፣ አባያ ላይ የስፖርት ጃኬት። ወልቂጤ ደግሞ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲዋ ምክንያት ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ያያታል፤ ስኒከርና ማሊያ ይበዛል። ከሁለቱ ቡታጅራን አስበልጣለሁ። የወልቂጤ ወጣት ልብሱን አንድ ወጥ ሊያደርግ ይጥራል፤ የቡታጅራው የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ አቁሞ ያስታርቃቸዋል፣ ይህም የሚከብደው ጥበብ ነው።

ልማዱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ስጦታ ቁጥጥርም ይሆናል። ልብሷን ወንድሟ የሚገዛላት ልጅ የወንድሟን ልክም አብራ ትለብሳለች፤ የቀሚሱ ርዝመት አዲስ አበባ ውስጥ ተወስኖ የመጣ ነው። ለወንዱ ሰፊው ነፃነት ሲሰጠው፣ ለእሷ ያው ሰፊ «እንደመጣ ይሁን» ሊል ይችላል። ዛሬ ሴቶች በቴሌግራም ራሳቸው መርጠው፣ ከፍለው፣ በመኪና ማስላክ መጀመራቸው ከማንኛውም የፋሽን ለውጥ ይልቅ ክብደት ያለው ነው።

በጎዳናው ላይ የማልታረቀው አንድ ነገር አለ፤ «የባህል ልብስ» እየተባለ የሚሸጠው ጥበብ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ። ሸማኔ በእጁ ያወጣውን ጥለት ማሽን በቀለም ይገለብጠዋል፤ አይተነፍስም፣ በካውያ ይኮማተራል። የበዓል መድረኮች ይህንኑ ጨርቅ ለአንድ ቡድን አንድ ዓይነት አሰፍተው «የጉራጌ አለባበስ ይህ ነው» ሲሉ፣ አጠገባቸው ካለው ጎዳና የሚበልጥ እውነት አላሳዩም። ጎዳናው ላይ እያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን ለራሱ ቆርጧል። መድረኩ ሁሉንም አንድ ልክ አድርጓል። ባህልን ለማክበር የተሠራው ልብስ የባህሉን ዋና ጠባይ፣ የተገኘውን ለራስ ማስማማትን፣ ሰርዞታል።

እንግዲህ ለጥናቱ ዓለም የማቀርበው ጥሪ ግልጽ ነው። የጉራጌን አለባበስ የሚመረምር ሰው ከሱቅ መስታወትና ከበዓል መድረክ ተነስቶ ወደ ሰፊዎቹ በረንዳ ይሂድ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ሰፊዎችን የሥራ ታሪክ ቢመዘግብ፣ የታረሙ ልብሶችን ከአርሚዎቻቸው ስም ጋር ቢሰበስብ፣ ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች አለባበስ ካለን ዕውቀት ውስጥ የጎደለውን ትልቅ ክፍል ይሞላል። አንጋፋዎቹ ሰፊዎች እያረጁ ናቸው፤ የጂንስ ጫፍን ሳይነኩ የማሳጠሩና የቀሚስን ጥበብ የማትረፉ ዕውቀት ያለው በእጃቸው ነው። መጠየቅ ያለባቸው አሁን ነው።