ባለ እጅና የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት፣ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክለው ዐዋጅ፣ ብዙ ጊዜ ሲመሰገን እንጂ ሲመረመር አይታይም። ምስጋናውስ ይገባዋል፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ መቍጠሩ የተናቀውን ሰው በዘውዱ ክብር መጋረዱ ነውና። ጉድለቱ ነገሩን የአንደበት ጥፋት ብቻ አድርጎ መያዙ ነው።

ከወንዛዬ እስከ ደብረ ታቦር ባለው አገር «ቡዳ» ማለት ስድብ ብቻ ሳይሆን ክስም ነበር። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ ይልቁንም ቤተ እስራኤል፣ በማዕድና በጋብቻ ተለይተው፣ ርስት ተከልክለው ኖረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ጦርነት (1860 ዓ.ም.) አስቀድሞ ሴባስቶፖልን በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን እጅ ያሠሩት እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት ነው። መድፉ ሲከበር የአገሩ ብረት ሠሪ እንደ ተናቀ መቅረቱ ያስገርማል።

ታዲያ የተሰደበው ቀጥቃጭ አቤት የሚለው ለማን ነው? ለጭቃ ሹሙ፤ እርሱም የቡዳን ነገር እንደ ጎረቤቶቹ የሚያምን ከሆነ፣ ዐዋጁ ከአዲስ አበባ ወጥቶ መንደሩ ሳይደርስ ይቀራል። ባለ እጁም መንግሥትን የሚለካው በዐዋጁ ቃል ሳይሆን በቅርብ ባገኘው ዳኛ ነው፤ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት የሚጐድለውም እዚህ ላይ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስት ለተከለከለው ሰው ከቀደመው ይልቅ የሚዳሰስ ነገር ይዞ መጣ። ስለ ማዕዱና ስለ ጋብቻው ግን እርሱም ዝም ብሏል።