ብርቅ ሸክላና ተራ ሸክላ፤ ስለ ጥንታዊው የባላገር ብሉዝ አሰባሰብ የቀረበ ትችት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ዘፋኞች ከ1926 ጀምሮ በሸክላ ያስቀረጿቸው የብሉዝ ዘፈኖች ከጠፉ በኋላ እንዴት ተፈልገው እንደ ተገኙ፣ ይልቁንም ፈላጊዎቹ በዘፈኖቹ ላይ የሰጡት ፍርድ ምን ያህል የሚታመን እንደ ሆነ መመርመር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ ዘፈኖቹ ውበት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፍለጋውም ጀብዱ የተጻፈው አያንስም። ነገር ግን ፍለጋው ራሱ ፍርዱን እንዴት እንዳጣመመው የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እኔም የምከራከረው በዚህ ላይ ነው።

የባላገር ብሉዝ የሚባለው አንድ ሰው ጊታሩን ይዞ ብዙ ጊዜ ብቻውን የሚዘፍነው ዘፈን ነው። ዘፋኙ በቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት፣ በባቡር ጣቢያ፣ በጥጥ እርሻ ሠራተኞች መካከል እየተዘዋወረ የሚጫወት፣ በኛ አነጋገር አዝማሪ ሊባል የሚችል ሰው ነበር። የሸክላ ኩባንያዎች ወደ እርሱ የሄዱት ለጥበብ ፍቅር ሳይሆን ለገበያ ነው። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ፓራማውንት ነው። ይህ ኩባንያ በዊስኮንሲን ግዛት በፖርት ዋሽንግተን ከተማ የነበረ የአንድ ወንበር ፋብሪካ ቅርንጫፍ ነበር፤ ፋብሪካው የግራሞፎን ሣጥን ይሠራ ስለ ነበር፣ ሣጥን ለሚገዛ ሰው ሸክላ መሸጥ ይገባል ተብሎ ተቋቋመ። ለጥቁር ገዢዎች የተለየ ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ በ1922 ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ አንዱን በ75 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ማስታወቂያውንም «ቺካጎ ዲፌንደር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ያወጣ ነበር። በ1929 በአቅራቢያው በግራፍተን የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ሸክላው የሚሠራበት ቅልቅል ርካሽ ስለ ነበር ገና በአዲስነቱ እንደ ጋለ ምጣድ ይንጫጫል። ወንበር ሠሪዎች ያወጡት ሸክላ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት ሸክላዎች አንዱ መሆኑን ባለቤቶቹ ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም።

ሸክላዎቹ ለምን ጠፉ ቢባል ምክንያቱ ሥውር አይደለም። በአሜሪካ በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ሲሸጥ፣ በኢኮኖሚው ውድቀት የተነሣ በ1932 የተሸጠው ወደ 6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። እንግዲህ በ1930ና በ1931 የተቀረጸ ሸክላ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር የሚገዛው አላገኘም፤ የታተመውም ጥቂት ነበር። ፓራማውንት በ1932 መቅረጽ አቆመ፤ ዘፈኖቹ የተቀረጹባቸው የብረት እናት ቅርጾችም ለብረት ገዢ ተሸጡ። በ1942 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አሮጌ ሸክላ ለጥሬ ዕቃ ይሰበሰብ ስለ ነበር ብዙው በዚያ አለቀ። የተናደዱ ሠራተኞች ሸክላውን ወደ ሚልዋኪ ወንዝ ወረወሩት የሚል ወሬም አለ፤ በ2006 አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጠላቂዎች አሰማርቶ ቢያስፈልግ ምንም አልተገኘም።

ፍለጋውን ከጀመሩት መካከል በብሩክሊን በወጣት ወንዶች ማኅበር ማደሪያ ውስጥ በአንዲት ክፍል ይኖር የነበረው ጄምስ ማኩን ይጠቀሳል። ሸክላዎቹን ከአልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር። በ1944 ከአንድ የኒውዮርክ ሱቅ የቻርሊ ፓተንን አንድ ሸክላ ገዛ፤ ፓተን ከሞተ ያኔ 10 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከሚሲሲፒ ውጭም ስሙን የሚያነሣ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። ማኩን ሀብታም አልነበረም፤ ስለዚህ መመዘኛው ጆሮው ብቻ ነበር። በ1952 ሃሪ ስሚዝ ከራሱ ስብስብ 84 ዘፈኖች መርጦ ባሳተመ ጊዜ የባላገር ብሉዝን በብዙ ሰዎች ቤት አገባ። በ1959 ደግሞ ሳሙኤል ቻርተርስ «የባላገር ብሉዝ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ጠቡም ከዚህ ተነሣ።

ቻርተርስ መጽሐፉን በአብዛኛው የሠራው ጥቁሮቹ ገዢዎች ራሳቸው በወደዷቸው ዘፋኞች ላይ ነው፤ ብላይንድ ሌመን ጄፈርሰንን፣ ሌሮይ ካርን የመሰሉትን ማለት ነው። ማኩንም በአንድ የእንግሊዝ የሰብሳቢዎች መጽሔት ላይ ተቃውሞውን ጻፈ። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ብዙ የሸጠ ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ታላቁ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል የሚል ነበር። የማኩን ወዳጆች በ1960 ያቋቋሙት አነስተኛ ኩባንያም የመጀመሪያ ሥራውን ለፓተን ብቻ ሰጠ፤ ሁለተኛውንም «በእውነት የባላገር ብሉዝ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ አወጣው። ቃሉ ለቻርተርስ የተወረወረ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በዚህ ጠብ ማን አሸነፈ ቢባል፣ ሰብሳቢዎቹ አሸነፉ። ለዛሬው አንባቢ ከሌሮይ ካር ስም ይልቅ የሮበርት ጆንሰን ስም የታወቀ ነው። ካር ግን ፒያኖ እየመታ በ1928 ያወጣው «ሃው ሎንግ፣ ሃው ሎንግ ብሉዝ» በየጥቁሩ ሰፈር የተሰማ ዘፈን ነበር፤ በ1935 እስኪሞት ድረስም ከ100 በላይ ዘፈኖች አስቀርጿል። ጆንሰን በ1936ና በ1937 አስቀርጾ በመጠኑ የተሸጠለት አንድ ሸክላ ብቻ ነበር። ጆንሰን ራሱ የካርን ሸክላ እየሰማ የተማረ ሰው መሆኑ ከዘፈኖቹ ይታወቃል። የካር ሸክላ ግን በየዕቃ መሸጫው ሞልቶ ስለ ነበር ለሰብሳቢ አያስጐመጅም።

ማኩንን በአንድ ነገር እደግፈዋለሁ። የገበያ ብዛት ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ማስታወቂያ ያልወጣለት፣ በረኃብ ዓመት የታተመ ሸክላ ስላልተሸጠ ዘፋኙ አነስተኛ ነው ማለት አይቻልም። ፓተንን የሰማ ሰው፣ ጊታሩን እንደ ከበሮ እየመታ ድምፁን በራሱ ድምፅ ላይ ሲመልስ የሰማ ሰው፣ ማኩን ጆሮ እንደ ነበረው ይመሰክራል። ስሕተቱ የተከተለው ከእርሱ በኋላ ነው። ታላቅነት በጆሮ ተመርምሮ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጂ በላይ ያልተረፈለት ሁሉ ታላቅ ነው ወደ ማለት ተደረሰ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑኝ ለብዙ ዓመታት ተፈልገው የተገኙ ሁለት ሸክላዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰን ሃውስ በ1930 በግራፍተን ያስቀረጸው፣ የፓራማውንት ቁጥር 13096 የሆነው ነው። በአንድ ገጹ «ክላርክስዴል ሞን»፣ በሁለተኛው «ሚሲሲፒ ካውንቲ ፋርም ብሉዝ» አለ። ከሰባ ዓመት በላይ ርእሱ በዝርዝር ላይ ብቻ ይታይ ነበር። ሰብሳቢዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ የጠፋ ታቦት የሚያነሡ ይመስል ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅጂ ተገኝቶ በ2006 እንደገና ሲታተም ምን ተሰማ? «ሚሲሲፒ ካውንቲ ፋርም» በዜማው የብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን «ሲ ዛት ማይ ግሬቭ ኢዝ ኬፕት ክሊን» ሆኖ ተገኘ። ጄፈርሰን ይህን ዘፈን ያስቀረጸው በ1927ና በ1928 ነው፤ ሃሪ ስሚዝም በ1952 ስብስቡ ውስጥ አግብቶታል። የሃውስ ዘፈን ራሱ በ1942 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በድጋሚ ተቀርጾ ስለ ነበር ዜማው ከየት እንደ መጣ ለሚሰማ ሰው ቀድሞም ግልጽ ነበር። ነገሩ ሃውስን አያሳንሰውም፤ የቴክሳሱን ዓይነ ስውር ዘፈን ወስዶ ስለ እስረኞች የግዳጅ እርሻ እንዲናገር ማድረጉ የራሱ ችሎታ ነው። ብርቁ ሸክላ ግን የሚናገረው ተራው ሸክላ በሚሲሲፒ ምን ያህል ተሰምቶ እንደ ነበር ነው።

ሁለተኛው በ2002 የተገኘው የኪንግ ሰለሞን ሂል ሸክላ ነው። የዘፈኑ ርእስ «ማይ በዲ ብላይንድ ፓፓ ሌመን» ይባላል። ወዳጄ ሌመን ማለቱ ነው። ጄፈርሰን በታኅሣሥ 1929 በቺካጎ ከሞተ በኋላ የተዘፈነ ሙሾ ነው። ሁለት ብርቅ ሸክላዎች፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ትውልድ ፍለጋ የፈጁ፣ ሁለቱም ጣታቸውን ወደ አንድ ሰው ይቀስራሉ፤ ያም ሰው ለፓራማውንት ወደ 100 የሚጠጉ ዘፈኖች ያስቀረጸ፣ ሸክላው በብዛት የተሸጠና የተረፈ፣ ስለዚህም በሰብሳቢው መደርደሪያ ታችኛውን ስፍራ የያዘ ሰው ነው። ማን ማንን ያስተምር እንደ ነበር ለማወቅ የፈለገ ተመራማሪ ጄፈርሰንን አስቀድሞ መስማት ነበረበት።

ይህን ስል የፈላጊዎቹን ድካም ለማቃለል አይደለም። ጌይል ዲን ዋርድሎው በሚሲሲፒ ያደገ ሰው ነው፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጥቁሮች ሰፈር ከበር ወደ በር እየዞረ አሮጌ ሸክላ ይጠይቅ ነበር። በሸክላ ብቻም አልተወሰነም። በጃክሰን ከተማ ሱቅ የነበረውንና ፓተንንና ስኪፕ ጄምስን ወደ ፓራማውንት የላከውን ኤች ሲ ስፒርን ፈልጎ አነጋገረ፤ በ1968 የሮበርት ጆንሰንን የሞት ምስክር ወረቀት ከመዝገብ አወጣ። የሚሲሲፒው ጆን ኸርት አገኛኘትም እንዲሁ የሚያስደስት ነው። ኸርት በታኅሣሥ 1928 ኒውዮርክ ሄዶ በናፍቆት ያደገበትን መንደር አቫሎንን በስም ጠርቶ ዘፈነ፤ አዲሱ ካርታ ላይ መንደሯ አልነበረችም፤ በአሮጌ አትላስ ላይ ግን ተገኘች። በ1963 ቶም ሆስኪንስ ወደዚያ ቢሄድ ሰውዬው በሕይወት አለ። በዚያው ዓመት በኒውፖርት በብዙ ሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ በ1966 እስኪሞት ድረስም ሦስት ዓመት ያህል ክብር አየ። በ1964 ስኪፕ ጄምስ ከቱኒካ ሆስፒታል፣ ሰን ሃውስ ከሮቸስተር ከተማ ተገኙ። ሸክላው ወደ ሰው መርቶ ነበር ማለት ነው፤ የዚህ ፍለጋ ትልቁ ሥራም በኔ አስተያየት ይኸው ነው።

ቅሬታዬ በሌላ በኩል ነው። ከዚያ ሁሉ ደጃፍ የተለቀመው ሸክላ በጥቂት ሳንቲም የተሸጠው ባለቤት ባላቸው ቤቶች ነበር። ያች አሮጊት ሸክላውን በማን ዘመን ገዛችው? በፖስታ ነው ወይስ ከሱቅ? በስንት ቀን አንድ ጊዜ ታጫውተው ነበር? ከእርሱ ጋር አብረው የተቀመጡት ሌሎች ሸክላዎች የማን ነበሩ? ዝርዝር አዘጋጆቹ የቅርጹን ቁጥር፣ የተቀረጸበትን ቀንና ከተማ፣ ጊታር የመታውን ሰው በሚያስደንቅ ትጋት መዝግበዋል፤ የዲክሰንና የጐድሪች ትልቅ ዝርዝር ለዚህ ምስክር ነው። የገዢዎቹ ነገር ግን ባብዛኛው ሳይጻፍ ቀረ። በ1930 የወጣ አንድ የቶሚ ጆንሰን ሸክላ በ2013 በ37,100 ዶላር ተሽጧል። ቀድሞ ከነበሩት ቤቶች የማናቸውም ስም ከዋጋው ጋር አልተነገረም።

ሌላም አለ። መርፌ ደጋግሞ የሄደበት ሸክላ ጥቁርነቱን ለቆ ግራጫ ይሆናል፤ ሰብሳቢውም «ያለቀ» ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል። ለታሪክ መርማሪ ግን ያለቀው ሸክላ ከአዲሱ ይልቅ ይናገራል፤ አንድ ቤተሰብ ዘፈኑን ስንት ሌሊት እንደ ሰማው በላዩ ተጽፏልና። ከሁለቱ ገጾች የትኛው ይበልጥ እንዳለቀ የሚመዘግብ ዝርዝር እስካሁን አላየሁም።

የጊሺ ዋይሊና የኤልቪ ቶማስ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ለፓራማውንት በሠሯቸው ሦስት ሸክላዎች ብቻ ይታወቃሉ። ከነዚህም አንዱ በ1930 የተቀረጸው «ላስት ካይንድ ዎርድስ ብሉዝ» ነው። ለብዙ ዓመታት ከየት እንደ መጡ የሚታወቅ ነገር የለም እየተባለ ሲጻፍ፣ ቶማስ በሂውስተን ከተማ ቤተ ክርስቲያኗን እየሳመች ትኖር ነበር። ማክ ማኮርሚክ በ1961 ቤቷ ሄዶ አነጋግሯት ነበር፤ የጻፈው ግን ከሌላው ሰፊ ማኅደሩ ጋር ተቀምጦ ለሰፊው ሕዝብ የታወቀው በ2014 በወጣ የጋዜጣ መጽሔት ጽሑፍ ነው። ቶማስ በ1979 ሞታለች። በ1961ና በ1979 መካከል ባሉት 18 ዓመታት ያንን ሸክላ በልዩ መብራት እየመረመሩ «ይህች ማን ናት?» የሚሉ ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ እርሷን ሄዶ ለመጠየቅ የአውቶቡስ ትኬት ይበቃ ነበር። ሸክላን ቆልፎ የያዘ ሰው ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል ብሎ ማመካኘት ይችላል። ቃልን ቆልፎ ለሚይዝ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

የፓራማውንት ቁጥር 13099፣ ዊሊ ብራውን በ1930 ከፓተንና ከሃውስ ጋር ግራፍተን ሄዶ ያስቀረጸው፣ እስካሁን አልተገኘም። የሁለቱ ዘፈኖች ርእስ ብቻ ይታወቃል። ብራውን በ1952 ሞቷል። ሸክላው ነገ ከአንድ ቤት ሰገነት ቢወርድ፣ አግኚው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የባለቤቶቹን ስም፣ አብረውት የነበሩትን ተራ ሸክላዎችና ከሁለቱ ገጽ ይበልጥ ያለቀው የትኛው እንደ ሆነ እንዲጽፍልን እንለምነዋለን።