ድሩ ያበረው በማን በኩል ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ነበር። አዳራሹ ፊት ለፊት የተሰቀለው ባነር «ዘመናዊ ባርነትን በተቀናጀ ጥረት እንከላከል» ይላል። ከሻይ እረፍት በፊት «ቅንጅት» የሚለውን ቃል ሃያ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ተውኩት። ፖሊሱም፣ የቢሮ ኃላፊውም፣ የግብረ ሠናይ ድርጅቱ ሰውም፣ የሃይማኖት አባቱም በየተራ ተነሥተው «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተን ካልሠራን...» አሉ። ማን ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቀናጅ የተናገረ ግን አልነበረም። ምሳ ተበላ፣ አበል ተፈረመ፣ የአቋም መግለጫ ተነበበ፣ ተበተንን።

ስወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ። በእውነት ተቀናጅቶ የሚሠራው ወገን እኮ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም!

እስቲ አስቡት። ገጠር ያለች አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ዓረብ አገር አንድ ወጥ ቤት ውስጥ እስክትገኝ ድረስ ስንት ሰው ይቀባበላታል? መጀመሪያ የሚመጣው ፊቱን የሸፈነ ወንበዴ አይደለም። የአክስት ልጅ ነው፤ ወይም ከዓረብ አገር በቅርቡ የተመለሰች ጎረቤት ናት። ወሬውን ይዞ የሚመጣው የምናምነው ሰው ነው። ቀጥሎ አባት በሬውን ይሸጣል፣ አለዚያም በአራጣ ይበደራል። ቀጥሎ ቀበሌ ውስጥ ያለ አንድ እጅ 15ቱን ዓመት 22 አድርጎ መታወቂያ ይሰጣል። ሾፌሩ በሌሊት ይጭናታል፤ ድንበር ላይ ያለው ደላላ ለሚቀጥለው ያስረክባታል። መንገዷ በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ከሆነ ባሕሩን ተሻግራ የመን ስትደርስ ሌላው ይረከባታል። ቤተሰቧ ዘንድ ተደውሎ ጩኸቷን እያሰሙ «ገንዘብ ላኩ» የሚባለው ያኔ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድም ቀን ወርክሾፕ ተቀምጠው አያውቁም። ባነር የላቸውም። ስልክ ይደዋወላሉ፣ ድርሻቸውን ይከፋፈላሉ፣ በቃ! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እኛ ንግግር እናሳምርበታለን፤ እነሱ ይሠሩበታል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰው መነገድን የሚከለክል ራሱን የቻለ አዋጅ በ2007 ወጣ፤ በ2012 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2006 መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች እንዳይሄዱ አግዶ ነበር። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። የተዘጋው ግን የሕጋዊው ኤጀንሲ በር ነው። ደላላው ጭራሽ ገበያ ደራለት።

በዚያው በ2006 ከኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተባረው መጡ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደን እንባ እየተናነቀን ተቀበልናቸው። መልካም አደረግን። ከዚያስ? ብዙዎቹን አገር ቤት የጠበቃቸው ያልተከፈለ ዕዳና ያው ደላላ ነበር። ተመልሰው የሄዱት ጥቂት አይደሉም። በመጋቢት 2012 ደግሞ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። ያኔም አለቀስን። ለቅሶ ላይ ማን ይችለናል?

እንግዲህ «ቅንጅት» ከተባለ፣ የሌላውን ወገን ድር በየቋጠሮው የሚበጥስ መሆን አለበት። ተማሪዋ ሦስት ቀን ከክፍል ስትቀር መምህሩ ለማን ይንገር? የተነገረውስ ምን ያድርግ? እድሩ ለቀብር ድንኳን የሚተክለውን ያህል፣ አባት በሬውን ከመሸጡ በፊት «ቆይ እስቲ እንመካከር» የሚል ለምን አይሆንም? መነኻሪያ ውስጥ ያለው ተራ አስከባሪ ከማንም በፊት ያያል፤ እሱን ስብሰባ የጠራው አለ? ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ደመወዟን ተነጥቃ የተመለሰችው ልጅ መድረክ ላይ የምትወጣው አልቅሳ እንድታስለቅሰን ብቻ ነው? ደላላው በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መኪና እንደሚጭን የምታውቀው እሷ አይደለችም እንዴ?

ሽምግልናችንም አለ። ልጅ ጠፋችብኝ ብሎ የከሰሰው አባት ዘንድ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። «ገንዘብህን ይመልስልህ፣ የሥጋ ዘመድ ነው፣ አትካሰሱ» ይላሉ። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ምስክር ይጠፋል፣ ዓቃቤ ሕጉ መዝገቡን ይዘጋል። ደላላው በሳምንቱ የሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ቡና ይጠጣል። ይህ ሽምግልና ማስታረቅ ነው ወይስ መተባበር?

ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ማታ ቤቴ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ከገጠር መጥታ እኛ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። በደላላ ነው የመጣችው። እስከዚያች ማታ አልጠየቅኋትም ነበር፤ ጠየቅኋት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«እንጃ ጋሼ፤ መታወቂያው ላይ 19 ይላል።»

ፊቷን አየሁት። 19 አይመስልም።

«ደመወዝሽስ?»

«እትዬ ጋ እየተጠራቀመልኝ ነው።»

አራት ወር ሆኖታል። ባለቤቴን ብጠይቃት «ብትይዘው ታጠፋዋለች ብዬ ነው» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ቤይሩት ያለችው «ማዳም»ም እኮ ብትጠየቅ የምትለው ይህንኑ ነው! እዚያ ከፋላ በሚሉት አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ታስሯል፤ እኛም በቁጣ እናወግዛለን። እዚህ አገራችንስ? አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ የተካው 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ አድርገዋታል። የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድ የሚለው እሷን አይመለከትም። ፋብሪካ የሚሠራ ወንድሟ ያለውን መብት እሷ የላትም።

በማግሥቱ የአራት ወር ደመወዟን በእጇ ሰጠናት። አባቷ ዘንድ ደወልን፤ ዕድሜዋን እሱ ነገረን። 14 ነው። አሁን ጧት ጧት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ይህን የምጽፈው ልመሰገንበት አይደለም። ለአራት ወር ያህል ከድሩ አንዱ ክር እኔ ነበርኩ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ከተጠራሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። እዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ቤቱ በር የምትከፍት ልጅ ያለችው ስንቱ ነው? ደመወዟስ ማን ጋ ነው ያለው?